ከአሳማ ጭቃ የወጣች ቀንድ አውጣ

ጭቃው ዕፀገነትን በሁለተኛው እርምጃ እስከ ጉልበቷ ዋጣት። እግሯን ስትመዝ ጫማው ቀረ፤ ቀጥሎ ሽታው ወጣ። የአሳማ ሽንት፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ደግሞም ምንነቱን ማወቅ የማትፈልገው ሌላ ነገር።

«ልጄ፣ እንመለስ!» አሉ ጋሽ የሱፍ ከኋላዋ። ሳን ሆዜ ውስጥ ታክሲ የሚነዱ የወሎ ሰው ናቸው፤ ብቻዋን እንዳትሄድ እናቷ ለምናቸው ነው የመጡት። «ይሄ እኮ የአሳማ መኝታ ነው! አዑዙ ቢላህ!»

«እርስዎ መኪናው ጋ ይጠብቁኝ፣ ጋሽ የሱፍ። እኔ ዛሬ ካላገኘኋት አበቃ።»

እውነቷን ነው። ከሚልፒታስ ከተማ ጀርባ ያለውን ይህን ገደል ሰኞ ዶዘር ይደረምሰዋል፤ ባለመሬቱ የፈቀደላት ለዛሬ ብቻ ነው። ዕፀገነት ኦክላንድ ባለ ቤተ መዘክር ውስጥ ቅሪተ አካል እየለየች የምትመድብ ባለሙያ ናት። ከዚሁ ገደል የወጣች፣ ድንጋይ የሆነች አንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ አራት ዓመት እንቅልፍ ነሥታታለች። እስካሁን የተገኘችው እሷ ብቻ ስትሆን አፏ ተሰብሯል። የእንዲህ ዓይነቷ ወገን የሚለየው ደግሞ በአፏ ውስጥ ያሉት እጥፋቶች ተቆጥረው ነው። አፏ ያልተሰበረ ሌላ ካልተገኘ ዝርያዋ ሳይታወቅ ይቀራል። የሚገርመው፣ ዕፀገነት በሕይወት ያለች ቀንድ አውጣ ስታይ ዛሬም ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል። ይህን ለባልደረቦቿ ነግራ አታውቅም።

ጋሽ የሱፍ ግን አካፋዋን ተሸክመው ተከተሏት፤ ጠዋት የጀመረው ዝናብ እያካፋ ሁለቱ ገደሉ ሥር ደረሱ። ወዲያው ቁጥቋጦው ተርገፈገፈና ጥጃ የሚያክል ከርከሮ ከጭቃው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መጣባቸው። ዕፀገነት የውኃ ኮዳዋን ጥላ አንድ ግንድ ላይ ተንጠለጠለች። ጋሽ የሱፍ ግን አካፋውን አንሥተው በድንጋይ ቀጠቀጡት።

«ሂድ! ሂድ አንተ ነጃሳ!»

አውሬው ሁለት ክንድ ሲቀረው ተጠማዘዘ፤ ሲያልፍ ግን ጭቃውን ፊታቸው ላይ ረጨው። ጋሽ የሱፍ ከንፈራቸው ላይ ያረፈውን ደጋግመው ተፉ። «ሰባት ጊዜ ብታጠብም አልጠራም» አሉ።

«ሄይ! ጋሽ የሱፍ?» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ገደሉ ላይ መዶሻ ይዞ የቆመው ሚክያስ ነበር። ሳን ሆዜ ተወልዶ ያደገ፣ የሰው መሬት ያለ ፈቃድ እየገባ ቅሪተ አካል ለቅሞ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ነው። እሱ እጅ የገባ ነገር የአንድ ሀብታም ሳሎን ማስጌጫ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም አያጠናውም። ዕፀገነት ከአሳማው ይልቅ እሱን ትጸየፋለች።

«ፈቃድ አለህ?» ብላ ጮኸችበት።

«ሪላክስ! ጀስት እያየሁ ነው።»

መዶሻው ግን ገደሉን መፈልፈል ጀምሯል። ይሄኔ ጋሽ የሱፍ ዝናቡ ካጠበው ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከሚክያስ ጫማ ሥር፣ አንዲት ጥምዝምዝ ነገር አዩና በደስታ ጮኹ። «ቀንድ አውጣ! ቀንድ አውጣ!»

ሚክያስ ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም፤ እነሱ ቤት ማን ስለ ቀንድ አውጣ ያወራል? እሱ የሰማው ትእዛዝ ነው፤ ቀንዱን አውጣ። ወደ ታች ሲያይ ከጭቃው ብቅ ያለ ቆልማማ ቀንድ ታየው።

«ሆርን! ኦ ማይ ጋድ፣ የጥንት ባይሰን ነው!» ብሎ የጥንት የዱር ጎሽ ቀንድ ያገኘ መስሎት ተንሸራቶ ወረደ።

ዕፀገነት ስሕተቱ ወዲያው ገባት። የሞተች ላም ቀንድ እንደሆነም ሽታው ነግሯታል። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገረችም። ገደሉን በእጅ በእግሯ ወጣች፣ መሮዋን አስገብታ ፈነቀለች። ቅርፊቷ ሙሉ ሆና መዳፏ ላይ ወደቀች፤ አፏ ግን በጭቃ ተደፍኗል። ዝናቡ አባርቷል፣ ኮዳዋ የለም፣ ልብሷ ሁሉ የአሳማ ጭቃ ነው። ንጹሕ የቀራት ምላሷ ብቻ ነበር።

ዐይኗን ጨፍና ላሰችው። ተፋች፤ ደግማ ላሰችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፋት። ከታወቁት ዘመዶቿ አራት ያላት የለችም፤ አዲስ ዝርያ ናት። እንባዋ ወረደ።

ከታች ሚክያስ ቀንዱን በሁለት እጁ ሲጎትት የላሟ ራስ ተነቅሎ ደረቱ ላይ ወደቀ፤ ትሉና መግሉ አንገቱ ድረስ ፈሰሰበት። ወገቡ ድረስ ሰምጦ ያስመልሰው ጀመር።

ጋሽ የሱፍ ቀና ብለው አዩዋት። «እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«አዎ።»

«ይሄ ከአሳማው ይከፋል» አሉ።

አፏ ውስጥ ያለው ጣዕም ድንገት የራሷ መሰላት፤ ራሷን ተጸየፈች። ወርዳ ቅርፊቷን ለሚክያስ ዘረጋችለት።

«ቀንድ አውጣ ማለት ይቺ ናት። ስኔል። እግርህ ሥር ነበረች። የተሳሳትከውን አውቄ ዝም አልኩህ።»

ሚክያስ ትል በወረሰው እጁ ተቀበላት። ኪሱ ቢከታት ዕፀገነት የምታደርገው አልነበራትም።

«ሰው ሁሉ አማርኛዬ ላይ ይስቃል» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ አልሳቅሽም። ዛት ኢዝ ዎርስ፣ እሱ ይብሳል።»

«ይቅርታ» አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ቅርፊቷን አገላብጦ አያት። «ስሟ ማነው?»

«ገና የላትም።»

«እንግዲያው ስም አውጪላት» ብሎ ቅርፊቷን መለሰላት።

ዕፀገነት ቅርፊቷን ለጋሽ የሱፍ ሰጠች። ከዚያም ትሉ የሚርመሰመስበትን የሚክያስን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ከጭቃው ጎትታ አወጣችው።