አሥራ ዘጠነኛው መወርወሪያ

በአዲሱ የዋሻ በር ላይ ከላይ እስከ ታች የቆሙት የብረት መወርወሪያዎች አሥራ ስምንት ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ መሆን ነበረባቸው። ሁሉን ነገር ሁለቴ የምትቆጥረው በር ጠባቂዋ ትርንጎ፣ በምረቃው ጭፈራ መሐል ያን ዕለት ብቻ ሳትቆጥር ቀረች። ጉድለቱን ያስተዋለችው በሩ ተበርግዶ፣ ሸንሻኝ የተባለው አውሬ ካመለጠ በኋላ ነው።

በኖራዝ መንግሥት እያንዳንዱ መወርወሪያ እንደ «አንድ» ይነበባል፤ እንደ 111… ጎን ለጎን ተደርድረው አንድ ግዙፍ ቁጥር ይሆናሉ። ሸንሻኝ ያለ ትራፊ የሚካፈለውን ቁጥር ሁሉ ይሰብራል። አሥራ ዘጠኙን አንዶች ከአንድና ከራሳቸው በቀር የሚከፍል ቁጥር የለም። አሥራ ስምንቱን ግን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ በአሥራ አንድ ከፍሏቸው ወጣ። ወጥቶም የመጀመሪያውን መንደር ለሁለት ከፈለው፤ ወንድም ወንድሙን አይቶ «አንተ ደግሞ ማነህ?» አለው።

ንጉሥ ሐፀር አውሬውን የሚመልስ ጀግና እንዲወጣ አዋጅ ሲያስነግር፣ የትርንጎ ልጅ ኢላሪት ሰይፏን መዝዛ ቆመች። «አውሬውን ወደ ዋሻው ሳልመልስ ቤቴ ብገባ፣ የኖራዝ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች።

ትርንጎ ቆጠረች። እሷና ልጇ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለት ደግሞ ለመካፈል ይቀላል። አውሬው ቢያገኛቸው ኢላሪት እናቷን እንደ ባዕድ ታያታለች። ስለዚህ አብራት ወጣች። ገመድ፣ መርፌ፣ የቁስል ማሰሪያና መግነዝ ያዘች።

«እማዬ፣ መግነዙ ለማን ነው?»

«ለማንም አይሁን! ያልያዙት ነገር ነው የሚያስፈልገው።»

የድንጋይ ሰዎች የመጨረሻ ዘር የሆነው ግዙፉ ዱማር፣ አንጥረኞቹ የሠሩትን አሥራ ዘጠነኛ መወርወሪያ ተሸክሞ ይከተላቸው ነበር። ተራራው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እኔን ለመገነዝማ የአገሩ ሸማኔ ሁሉ ዓመት ይሠራል!»

በሰባተኛው ቀን አውሬውን የሰልጎን ወንዝ ሲሰነጥቅ አገኙት። ጥርሱ እንደ መጋዝ፣ ጀርባው እንደ ገደል ነበር።

«አንተ ሸንሻኝ!» አለች ኢላሪት። «አሥራ ስምንቱን አንዶች በስንት ትከፍላቸዋለህ?»

«በሦስት! በሰባት! በአሥራ አንድ!»

«በአሥራ ዘጠኝስ?»

«በአሥራ ዘጠኝ አይካፈልም።»

«ይካፈላል። ምንም አይተርፈውም። እናቴ እንኳ ታውቃለች!»

ትርንጎ በመንገድ ላይ ስሌቱን አራቴ ሠርታዋለች። አውሬው ግን ንቀቱን አልቻለም። በሩ ላይ ያሉትን አንዶች እያየ ሊፈትነው ወደ ዋሻው ጋለበ፤ እነሱም ከኋላው። በዋሻው ወለል ላይ በጥፍሩ እየጫረ ሲያካፍል ቆይቶ፣ «እውነት ነው! ምንም አልተረፈም!» ብሎ በደስታ አገሳ።

ያኔ በሩን ከውጭ ዘጉበት። ዱማር አዲሱን ብረት ሊያስገባ ሲል አውሬው በሩን መታው፤ ብረቱ እንደ ሸምበቆ ተሰበረ።

«አውቄው ነበር!» አለች ትርንጎ።

ዱማር የተሰበረውን ጥሎ ራሱ በቦታው ቆመ። «ከወገኖቼ ብቻዬን የተረፍሁ አንድ ነኝ። ይኸው፣ አሥራ ስምንት ወንድሞች አገኘሁ።»

«ተው ልጄ! ድንጋይ ሆነህ ትቀራለህ!»

«ልጄ አልሽኝ? የሦስት መቶ ዓመት ሽማግሌ ነኝ እኮ! ይልቅ እዚህ ደጃፍ ዘፈን አታስቀሩብኝ።» ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ፈገግታው ሳይጠፋ ደረቀ።

አውሬው በሁለት ከፈለ፤ አንድ ተረፈ። በሦስት ሞከረ፤ አንድ ተረፈ። በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ዘጠኝ፤ ሁልጊዜ አንድ ተረፈ። ያ አንድ ዱማር ነበር። ግሣቱ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ።

ከሸለቆው እልልታ ተሰማ። ወንድማማቾች ተዋውቀው ተቃቅፈው ነበር። ሕዝቡ ከበሮ ይዞ ወጣ፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ በበሩ ፊት ጨፈረ። ኢላሪት ላብ በላብ ሆና፣ «እማዬ፣ እንሂድ» አለች።

ትርንጎ መወርወሪያዎቹን ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ። እንደገና ቆጠረች። የዱማርን ደረት ዳሰሰች፤ ገና ይሞቃል። «ደህና እደር፣ ልጄ» አለችው፤ የበሩን ቁልፍም እስከ መጨረሻው አዞረችው።