ናሙናውን የጻፈው ሰው

«መጨረሻው ማነው?» ብዬ ስጠይቅ አንድ ረጅም ሰው እጁን አወጣ።

«እኔ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ነሽ፣ እህቴ። ግን ዛሬ ይደርሰኛል ብለሽ እንዳትጓጊ...»

የሥራ ማዕከሉ ኮሪደር ሥራ በፈታ ሰው ጢም ብሏል። እኔ ሳኖባር፣ በኮካንድ ከተማ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ከሠላሳ ዘጠኝ ሴቶች ጋር ከተባረርኩ ሳምንቴ ነበር። ቤት ውስጥ ግማሽ አካሏ የማይንቀሳቀስ እናት አለችኝ። የሥራ አጥ አበል ካላገኘሁ እሷን ለጎረቤት ጥዬ እንደ ሌላው ሰው ሩሲያ መሰደዴ ነው።

ረጅሙ ሰው ኦሪፍ ይባላል። የያዘውን ሳምሳ፣ ሥጋ የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ሰጠኝ።

«አልራበኝም፣ አካ» አልኩት። ‹ታላቅ ወንድሜ› እንደ ማለት ነው፤ እኛ ጋ ሴት ልጅ ወንድን በስሙ ብቻ አትጠራም፣ አንተም አትልም።

«ሆድሽ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያወራው!»

ከተባረርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊዋ የሥራ ደብተሬን ገልጣ ራሷን ነቀነቀች።

«‹በራሷ ፈቃድ ለቀቀች› ይላል። በፈቃዱ ለለቀቀ አበል የለም።»

«አስገድደውን እኮ ነው!»

«ማስረጃ አለሽ?»

ምን ማስረጃ አለኝ! የዚያን ቀን አለቃችን አንድ በእጅ የተጻፈ ናሙና ጠረጴዛ ላይ አኖረና «ይህን ገልብጣችሁ ፈርሙ፤ ያልፈረመ ደብተሩን አያገኝም» አለን። ያለ ሥራ ደብተር ደግሞ ሌላ ቦታ የሚቀጥር የለም። አርባችንም ተራ በተራ ገለበጥን። ማን እንደጻፈው እንኳ አላየንም።

እያለቀስኩ ስወጣ ኦሪፍ ተከተለኝ። «ይግባኝ በይ። ሁለት ወር ጊዜ አለሽ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። ቤት እየመጣ እናቴን አቅፎ ግቢ ያወጣትና ፀሐይ ላይ ያስቀምጣታል። እሷም «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰው የሚመጣው ለእኔ መሰለሽ?» እያለች ትቀልድብኛለች። ወደድኩት። እንዲህ ከፍቶኝ እያለ ሰው መውደድ እችላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም ነበር፤ ይግባኙን ጻፉልኝ ባልኩት ቁጥር አንዴ መነጽሬን ረሳሁ፣ አንዴ እጄን አመመኝ ይላል።

የመጨረሻው ቀን ሲቀርብ ግን ለመንኩት። «አካ፣ ነገ ያበቃል እኮ! እኔ የሕግ ቃል አላውቅም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ብዕሩን ወስዶ መጻፍ ጀመረ። ከኋላው ቆሜ አየሁት፤ የመጨረሻዋን ፊደል እንደ ድመት ጭራ ይጠቀልላታል። ያንን ጽሑፍ በላብ በራሰ እጄ ገልብጬዋለሁ!

«አንተ ነህ!» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ናሙናውን የጻፍከው አንተ ነህ!»

«በዋናው ቢሮ የሠራተኛ አስተዳደር ነበርኩ፤ እናንተ አይታችሁኝ አታውቁም። ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍኩ። እናንተ ስትጨርሱ ለእኔም ያንኑ ወረቀት ሰጡኝ... የራሴን ጽሑፍ ገልብጬ ወጣሁ።»

«ሁለት ወር ሙሉ እንጀራችንን እየበላህ?»

«እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው፣ ሳኖባር።»

«ውጣ!»

ይግባኙን ግን ጨርሶ በጸሐፊነቱ ፈርሞበት ነበር የሄደው። ጉዳዩ በታየበት ቀን ሳይጠራ መጣ። የይግባኝ ኮሚቴው ፊት ቆሞ «ናሙናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ተገድደው ነው» አለ። ፋብሪካው አፉን ከዘጋ ወደ ሥራው ሊመልሰው ቃል ገብቶለት እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

አበሉ ለአርባችንም ተፈቀደ። የእሱን ማመልከቻ ግን «ጸሐፊው ራስህ ነህ፤ አንተን ደግሞ ማን አስገደደህ?» ብለው መለሱት። በከተማው የሚቀጥረው ጠፋ። ሩሲያ ሊሄድ ትኬት ቆረጠ።

ልሰናበተው አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። አበሉ እንዳይቋረጥ በየሁለት ሳምንቱ እየቀረብኩ መፈረም ነበረብኝ፤ ያ ቀንም የፊርማዬ ቀን ነበር።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኩት።

«ከእኔ ጋር ነይ።»

«እናቴንስ?»

«እንግዲያው እጠብቅሻለሁ። ዓመትም ይሁን አሥር ዓመት።»

እናቴ መቼም አትነሣ ይሆናል። በእኔ ሰበብ ዕድሜውን በባዕድ አገር ብቻውን እንዳይገፋ ፈራሁ። ቆርጦ እንዲሄድ ፊቴን አጠቆርኩ።

«አይጠብቁኝ፣ አካ። እኔም አልጠብቅዎትም።»

ውሸቴን ነበር። ብዙ አየኝና ተሳፈረ። እኔም አውቶቡሱ ሳይነሣ ወደ ፊርማዬ ሮጥኩ።

እናቴ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ አረፈች። ዐርባዋን አውጥቼ ስልክ ደወልኩለት።

«እናቴ ሞተች» አልኩት። አላህ ይዘንላት ብሎ አብሮኝ አለቀሰ። እንባዬን ጠርጌ «አካ... አሁን መምጣት እችላለሁ» አልኩት።

በር ዘግቶ ወደ ውጭ ሲወጣ ሰማሁት።

«ባለፈው ወር ኒካህ አሰርኩ፣ ሳኖባር።»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አይጠብቁኝ ብለሽኝ ነበር እኮ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«አዎ» አልኩት። «ብዬዎት ነበር።»