ዐሥረኛው ሴል

«እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ» አለ ፌንጣ። የሚንቀጠቀጠው ግን የእርሱ ድምፅ ነበር።

ልጅቷ ብሎኑን ማጥበቋን ቀጠለች። የያዘችው የብሎን ቁልፍ ከአፉ በቀር ሁለመናው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል፤ የጆሮዋን ጌጥና የአንገቷን ሐብልም አውልቃ መስኮቱ ደፍ ላይ አኑራለች። ከፊቷ ዐሥር የባትሪ ሴሎች በሁለት ጣውላዎች መካከል እንደ መጻሕፍት ቆመው ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሴል እንደ ታሸገ ፖስታ ጠፍጣፋና ልስልስ ነው። ከዐናቱ ሁለት ስስ የብረት ምላሶች ወጥተዋል፤ አንዱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ። ሥራው የአንዱን አዎንታዊ ምላስ በጎረቤቱ አሉታዊ ምላስ ላይ አጥፎ፣ ሁለቱን በዝርግ የመዳብ ቁራጮች መካከል አጣብቆ በብሎን ማሰር ነው። በእርሳስ መበየድ አይሆንም፤ አንደኛው ምላስ አሉሚኒየም ስለሆነ እርሳሱን አይቀበልም፣ ሙቀቱም ወደ ሴሉ ሆድ ይወርዳል።

ሁለቱ የክፍል ጓደኞች ሥራውን ሲጀምሩ አንድ ሕግ አውጥተው ነበር። አንድ መጋጠሚያ ሲታሰር የቀሩት ምላሶች በሙሉ በካርቶን ተሸፍነው ይቆያሉ። የተራቆቱ ምላሶችን አንድ ብረት በስሕተት ቢያገናኛቸው ምን እንደሚሆን ለማስረዳት፣ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ የፌንጣ አጎት ብዙ አልተናገረም፤ ጫፉ እንደ ሰም የቀለጠ ካቻቢቴ አሳያቸው።

የመጨረሻው ብሎን ጠበቀ። ልጅቷ ቁልፉን አስቀመጠች።

«አለቀ» አለ ፌንጣ። ፌንጣ የተባለው አንድ ቦታ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ስለማይችል ነው። ዛሬ ግን ጠዋቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

የሚሠሩት በእናቷ ፀጉር ቤት ጓዳ ውስጥ ነበር። በአንድ ወገን የተሰበረ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ በሌላው የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ሣጥኖች፣ በመካከል እነርሱ። ከትምህርት ቤት መልስ በሚሠሩባቸው ቀናት የፀጉር ማድረቂያው ጩኸትና የደንበኞች ሐሜት በመጋረጃው በኩል ይገባ ነበር። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሳሎኑ ተዘግቷል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ልጅቷ አየሩን አነፈነፈች። «አሴቶን ይሸታል።»

«ሽቶ ቤት ገብተሽ ሽቶ ሸተተኝ ትያለሽ» አለ ፌንጣ። «የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት ቤት ምን ሊሸት ኖሯል?»

ሳቋ ሊመጣ ነበር፤ አልሳቀችም። አሴቶኑ ዐርብ ዕለት አልቋል። ባዶውን ጠርሙስ የጣለችው ራሷ ናት፤ ቅዳሜም አንዲት ደንበኛ ቀለሟን ሳታስለቅቅ እያጉረመረመች ሄዳለች።

ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን በሴሎቹ ረድፍ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈች። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ምንም አይሸቱም። ዐሥረኛው ጋ ስትደርስ ሽታው ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮዋን ያዛት። ሴሉ ከጣውላው ጋር በሚነካካበት ጠርዝ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ክብ ናስትሮ ተለጥፋለች። ላልፈለጋት ሰው አትታይም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ፌንጣ።»

ልጁ ከግድግዳው ተላቀቀ። «አታካብጂ እሺ? ባለፈው ሳምንት እኔ ቤት እያለ ሆዱ ትንሽ ተነፋ። ሌላ መለወጫ የለንም። በመርፌ ነካ አድርጌ አየሩን አስወጣሁና አሸግሁት። ቴስተሩን ተመልከቺ፤ ከሌሎቹ እኩል ነው የሚያሳየው።»

«ሁሉንም መረመርኳቸው፣ ደኅና ናቸው አልከኝ።»

«መርምሬያቸዋለሁ እኮ።»

«አልዋሸሁም ልትለኝ ነው?»

ፌንጣ ቴስተሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

ልጅቷ መዳፏን በሴሎቹ አናት ላይ ሳትነካቸው ዘረጋች። ሙቀት የለም።  ይህ ባትሪ ግን ዛሬ ለእናቷ በሠሩት የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል ወንበር ሥር ይታሰራል። ማታ ደግሞ እዚሁ ጓዳ ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል። ከጓዳው ጣሪያ በላይ ያለው ክፍል እርሷና እናቷ የሚተኙበት ነው።

«ብናወጣውስ?» አለች።

«በዘጠኝ ሴል? ዳገቱ መሐል ላይ ሞተሩ ባትሪው አለቀ ብሎ ያቆማታል። አንቺው ነሽ ያሰላሽው።»

እውነቱን ነው። ዳገቱ ደግሞ የነገሩ ሁሉ መነሻ ነው። እናቷ እሑድ እሑድ ዕቃዋን በሣጥን ተሸክማ የሙሽሮችን ፀጉር በየቤታቸው ትሠራለች፤ ቀኝ ጉልበቷ ግን ዳገቱን እንቢ ካላት ቆይቷል። ለደንበኛ ሁሉ «ልጄ በእጇ ሞተር ሠርታልኛለች» ብላ አውርታለች። ደንበኛዋን በመስታወት ውስጥ እያየች ስትናገር ፊቷ ላይ የሚታየውን ደስታ ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አይታዋለች።

«ስሚኝ ዳኛዋ» አለ ፌንጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሲያባብላት የሚጠራት እንዲህ ነው። «ሞተሩ አልነሣ አለ እንበላት። ዛሬ በእግሯ ትሄዳለች፤ እኔ በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ሴል እፈልጋለሁ። ማንም ምንም አይሰማም። አጎቴ በመርፌ መብሳቴን ከሰማ ግን የመጠገኛ ክፍሉን ደጃፍ አያስረግጠኝም። እኔ ደግሞ ከዚያ ሌላ መግቢያ የለኝም፤ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ፌንጣ በክፍል ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ፈተና በተመለሰ ቁጥር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ የሚከት ልጅ ነው። በአጎቱ የመጠገኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ስሙን የሚጠሩት ለማፌዝ አይደለም። የሚለምናትም ውሸት ትንሽ ነበረች፤ ማንንም የማታቃጥል ትመስላለች። ናስትሮዋም ትንሽ ናት።

«ሹፌሯ ደርሳለች» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ተሰማ። «መኪናዬ ታጥቧል?»

እናቷ ሄልሜት አጥልቃ፣ ሣጥኗን በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ሄልሜቱ ሰፍቷት ግንባሯ ላይ ወርዷል።

ልጅቷ የባትሪውን ዋና ገመድ ነቀለች፤ ጫፎቹንም አንድ በአንድ በናስትሮ ጠቀለለች። ከዚያም ባትሪውን ከነጣውላው አንሥታ፣ ከሰውነቷ አርቃ ይዛ፣ በጓሮው በር ወጣች። ከግድግዳውና ከታጠበው ልብስ ርቃ ግቢው መካከል ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ኋላ አፈገፈገች። እናቷና ፌንጣ ተከትለዋት በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን ሆናችሁ?» አለች እናቷ።

«ሞተሩ ነው እትዬ» አለ ፌንጣ ቶሎ ብሎ። «ትንሽ እንቢ ብሎ...»

«ሞተሩ ደኅና ነው» አለች ልጅቷ። «አንዱ ባትሪ ተበስቷል እማዬ። ውስጡ ያለው እየወጣ ነው። ከተጫነ ወይም ቻርጅ ከተደረገ እሳት ሊነሣ ይችላል።»

እናቷ ሣጥኑን መሬት ላይ አኖረች። «ማን በሳው?»

ልጅቷ ዐይኗን ከባትሪው ላይ አላነሣችም። ስሙን ልትጠራው ትችል ነበር፤ ራሷ በሳሁት ብላ ልትሸፍንለትም ትችል ነበር፤ እናቷ ለእርሷ ይቅር እንደምትል አላጣችውም። ሁለቱንም አላደረገች።  በጎረቤት ግቢ አንድ ሰው ባልዲ ሞልቶ ውሃውን ዘጋ።

«እኔ ነኝ» አለ ፌንጣ በመጨረሻ። «ተነፍቶ ነበር፤ በመርፌ ነው።»

እናቷ ሄልሜቱን አወለቀችና ወደ ልጁ ዞረች። «በመርፌ የሚበሳው ጆሮ ነው፤ እርሱም ከተጠየቀ በኋላ» አለች።

ልጁ አንገቱን ደፋ። 

«ሙሽራዋ ፀጉሯን ፈትታ ትጠብቀኛለች» አለች እናቷ፤ ወደ ሣጥኑም ጎንበስ ስትል ጉልበቷን በእጇ ያዘች።

ልጅቷ ወደ ፌንጣ ዞረች። «እዚህ በር ላይ ትቆያለህ። አትጠጋው፣ ወደ ቤትም አታስገባው። ካጨሰ ሮጠህ ሰው ጥራ።»

«እሺ።»

«ለአጎትህም ደውል። ኃይሉ ያለ አደጋ እንዴት እንደሚራገፍ የሚያውቀው እርሱ ነው።»

ፌንጣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ነገር ግን አልደወለም። «አንቺ ብትደውዪለት አይሻልም? ከአንቺ ቢሰማው...»

«አይሻልም።»

ሊቆጣ የፈለገ ይመስል ነበር፤ አልተቆጣም። ልጅቷ የሣጥኑን አንድ እጀታ አነሣች፤ እናቷ ሌላውን ያዘች። በግቢው በር ወጥተው ዳገቱን ተያያዙት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እናቷ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆመች።

«ይደውላል?» አለች።

«አላውቅም» አለች ልጅቷ። ወደ ኋላ ግን አልዞረችም፤ ሣጥኑን ወደ ራሷ ወገን ሳብ አድርጋ ክብደቱን ወሰደችና እናቷ እርምጃ እስክትጀምር ጠበቀች።