እኔ በሌለሁበት የተነፋው ሳክስፎን

እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ደምና ሽንት ስመረምር አስራ አራት ዓመቴ ነው፣ እና ሰው ስለ ዛር፣ ስለ ጥላ ወጊ፣ ስለ ምናምን ሲያወራኝ በልቤ «መጀመሪያ ታይፎይድህን ተመርመር» የምል ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «እሷ ድሮም እንዲህ ያለ ወሬ ትወዳለች» እንዳትሉኝ ነው። አልወድም። የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ሳክስፎን ልማር ብዬ ተነሳሁ፣ ለምን ብትሉኝ፣ ከሥራ ስመለስ የቤቱ ዝምታ ይከብደኝ ነበር መሰለኝ። ብስራተ ገብርኤል የሚኖሩ ጋሽ ታዬ የሚባሉ የወታደር ኦርኬስትራ ጡረተኛ አገኘሁና ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምሩኝ ጀመር። ዘፈን የለ፣ ምን የለ፣ አንድ ድምፅ ይዞ ትንፋሽ እስኪያልቅ መንፋት ብቻ።

«አትንከሺው!» ይሉኛል፣ «አፍሽ ውስጥ ያለው ሸምበቆ እንጂ ሸንኮራ አይደለም። አገጭሽን ልቀቂው፣ ትንፋሹ ከሆድሽ ይምጣ።»

እኔ ግን እነክሳለሁ፣ ድምፁም ይቀጥንና ከፍ ያለው ላይ ስደርስ እንደተረገጠ ቡችላ ይጮኻል። ዘጠኝ ወር ሙሉ አልለቀቀኝም።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ ስለማመድ በሬ ተንኳኳ። ከእኔ በታች የሚኖሩት እትዬ ዘይቱና ናቸው። ጎማ ነጋዴ የነበሩት ባላቸው ጋሽ ኑሪ ስትሮክ መትቷቸው፣ ስምንት ወር አንዲት ቃል ሳይወጣቸው ወንበር ላይ ነው የሚውሉት፣ እና እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ሰኒ፣ እንድታቆሚ አይደለም የመጣሁት። ስትነፊ ጣቱ ይንቀሳቀሳል። ያ እንቢ ያለው እጁ፣ ወላሂ! እባክሽ ልጄ፣ መስኮቱን አትዝጊው።»

ሙዚቃ እንዲህ ያለውን ህመምተኛ ይረዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ አልገረመኝም። መስኮቱን ከፍቼ መንፋት ጀመርኩ። እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲያ ልምምዱ የእኔ ብቻ አልነበረም፣ ደክሞኝ የቀረሁ ቀን የሰውዬውን ጣት ያሰርኩት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሳክስፎኑ አየር ማፍሰስ ጀመረ፣ ቀዳዳዎቹን የሚከድኑት ቆዳዎች አርጅተው ነው፣ ጋሽ ታዬ ራሳቸው እንዲቀይሩልኝ ቅዳሜ ከነሳጥኑ እሳቸው ቤት ተውኩት። እሁድ ፉሪ አክስቴ ቤት ዋልኩ፣ እዚያው አደርኩ። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ እትዬ ዘይቱናን አገኘኋቸው፣ እጄን ይዘው ሳሙት።

«ጣትሽ ይባረክ! የትናንቱ ምንድነው ልጄ? ኑሪ እኮ አለቀሰ።»

«የትናንቱ?»

«አስር ሰዓት ላይ የነፋሽው ነዋ! የዛሬውስ ቢሆን!»

ሌላ ብሎክ ላይ የተከፈተ ሬዲዮ ነው ብዬ ሳቅ አልኩና አለፍኩ፣ ደስታቸውን መንጠቅም አልፈለግኩ። ረቡዕም ያንኑ ሲሉኝ ግን ጋሽ ታዬ ጋ ደወልኩ።

«ሳክስፎኔ እንዴት ሆነ?»

«ተፈታቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማጣበቂያው ይድረቅ፣ አትቸኩዪ።»

ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ፣ ወደ ቤቴ ሳልወጣ እትዬ ዘይቱና ሳሎን ገብቼ ተቀመጥኩ። አስር ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ፀሐዩ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል፣ ውጪ ቆራሌው ይጮኻል። ጋሽ ኑሪ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠዋል። መጀመሪያ ከላይ፣ ከእኔ ቤት፣ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ የሳጥኑ ሁለት መቆለፊያዎች፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሳጥኑ፣ ልብ በሉ፣ ጋሽ ታዬ ቤት ነው። ከዚያ ትንፋሽ ሲሳብ፣ በሲሚንቶ ወለል እንዴት ትንፋሽ ይሰማል አትበሉኝ፣ ተሰማ።

ሲጀምር እኔው ነኝ። ያው የቀጠነ፣ ያው የተነከሰ፣ ያው ከፍ ሲል የሚጮኸው። እትዬ ዘይቱና ፈገግ ብለው ወደ ላይ አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፣ ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ቢስሚላህ… ሰኒ፣ አንቺ እዚህ ነሽ እኮ።»

«አዎ» አልኩ።

ድምፁ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ። ያንኑ ኖታ ደጋግሞ፣ ልክ እንደሚማር ሰው፣ እየላላ፣ እየላላ ሄደና በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ላይ ተከፈተ፣ ወፍራም፣ ሙቅ፣ ዘጠኝ ወር ፈልጌ ያጣሁት ድምፅ ሆነ። ያ እንቢ ያለው የጋሽ ኑሪ ቀኝ እጅ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ተነሳ።

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። ስወጣም ይሰማኛል፣ በሬ ላይ ስደርስም ይሰማኛል፣ ቁልፉን ሳዞር ቀጥ አለ። ውስጥ ማንም የለም። ወንበሩ ጠዋት የተውኩት ቦታ ነው። ብቻ ክፍሉ ታፍኗል፣ ብዙ በሽተኛ ተራ ሲጠብቅ እንደዋለበት ክፍል ይሞቃል። ሌላ ማስረጃ የለኝም።

ቅዳሜ ሳክስፎኔን ተቀብዬ ገባሁ። እትዬ ዘይቱና ስለ ሐሙሱ አንድም ቃል ሳያነሱ ደወሉና «እየጠበቀ ነው፣ ንፊለት» አሉኝ። ነፋሁ። አገጬን ለቀቅኩ፣ እንደሰማሁት አደረግኩ፣ ያለ ጉራ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ነፍቼ አላውቅም። እንደጨረስኩ ስልኬ ጠራ።

«ሰኒ፣ ኑሪ ተናገረ» አሉ፣ እያለቀሱ ነው።

«እልል በሉ እንጂ እትዬ! ምን አሉ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«‹እሷ አይደለችም› አለ።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ኑሪ ጥቂት ጥቂት ይናገራሉ፣ ሐኪማቸው የሚጠበቅ ነው ብሏል፣ ሰው ሲጠይቀኝ እኔም እንደዚያው ነው የምለው። አንዴ «እሷ ማን ናት?» ብያቸው ነበር፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ኮርኒሱ አዩ። አስር ሰዓት ላይ እኔ ሥራ ነኝ፣ ፈቃድ ብጠይቅ አልከለከልም፣ አልጠይቅም። እትዬ ዘይቱናም ምን እንደሚሰሙ አይነግሩኝም። ብቻ ድሮ «ሰኒዬ፣ እንዴት አመሸሽ» ይሉኝ የነበሩት ሴትዮ፣ አሁን ደረጃው ላይ ስንገናኝ፣ ብቻዬን ቦርሳዬን ይዤ መቆሜን እያዩ፣ «እንዴት አመሻችሁ?» ይሉኛል።