ጥርስ ያላረፈበት ሲዋክ

ሐጂ ሳሊሕ አርብ ለጁምዓ ሊወጡ ሲሉ፣ ጁባ ከተማ ና ባሪ ሰፈር በሚገኘው ግቢያቸው፣ የጥርስ መፋቂያ ሲዋካቸውን እንደያዙ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ «እንጨቱ መርዝ ነው፤ የታመመ ልባቸው አልቻለውም» አለ። ጋምቤላ ያደገችው መርማሪ ካትሪን ሲዋክ የሚያመጣው ሠራተኛው ጋች መሆኑን እንደሰማች በካቴና ጠፍራ ወሰደችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ!

እሑድ እንጨቱን አሸተተችውና ክው አለች። እስር ቤት ወርዳ ጋችን ጠየቀችው።

«ሲዋኩን ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከካፖኤታ፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር። የአራክ ቁጥቋጦ ሥር ነው። ቅጠሉን ግመል ይበላዋል፣ በሥሩ እኛ ጥርሳችንን እንፍቃለን። ማንንም ገድሎ አያውቅም።»

«ሽታውስ?»

«እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ይነካል። ግን ካመጣሁ ወር አልፎኛል፤ የሐጂ ሚስት እትዬ ዓፊፋም ድገም አላሉኝም።»

የሟቹ እንጨት ምንም አይሸትም ነበር። ካትሪን ሰውየውን ያሰረችው ሳታሸት ነው፤ እፍረቱ ፊቷን አቃጠለው።

ከሰዓት በኋላ ሚስትየዋን ዓፊፋን፣ የሟቹን የወንድም ልጅ ረፊቅንና ከነካቴናው ያመጣችውን ጋችን በሐጂ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ይህ አራክ አይደለም» አለች። «አጥራችሁ ላይ ካለው መርዛማ የአበባ ዛፍ የተቆረጠ ነው፤ ቁራጩ ገና ትኩስ ነው። ጫፉ ደግሞ አልታኘከም፣ በድንጋይ ተቀጥቅጧል። ለምን? ይኸው፣ ከሐጂ ኪስ ያገኘሁት።» መሐረቡን ፈታችው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ።

«አጎቴ ጥርስ የላቸውም?» ረፊቅ አፉን ያዘ።

«ድዳቸውን ነበር የሚያሹበት። አንተ አታውቅም፤ ጋችም ሳይቀጠቀጥ ነው የሚያስረክበው። የሚቀጠቅጥላቸው ምስጢራቸውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እትዬ ዓፊፋ?»

ሴትየዋ አንገቷን ደፋች።

«ሲዋኩ አልቆ ነበር… ጋችን ድገም ማለቱን ረሳሁ። ረሳሁ ብዬ መንገሩ አሳፈረኝ። እንጨት ሁሉ እንጨት መስሎኝ ከአጥሩ ቆረጥኩለት! ወላሂ መርዝ መሆኑን አላወቅኩም። ከሞተ በኋላ ደግሞ ባሏን ገደለች እንዳይሉኝ ዝም አልኩ።»

«ጋች ሁለት ሌሊት ሲታሰርም?»

ካትሪን ካቴናውን ፈታች፤ የጋች የእጅ አንጓ ቆስሏል።

«መዓሊሽ ጋች፣ ይቅር በለኝ» አለችው።

ጋች ወደ ዓፊፋ ዞረ። «እትዬ፣ እኔ እዚያ ሆኜ ‹ከቀብር በፊት ሐጂን ለማጠብ ውሃ ማን ቀዳላቸው› እያልኩ እጨነቅ ነበር» አላት።

ዓፊፋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። ካትሪንም ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።