የኦይቫ የግራ የፊት ጎማ

«ለመንደሩ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የጋራ የእንፋሎት መታጠቢያው (የሳውናው) የወንዶች ቀን ከሐሙስ ወደ ዓርብ የተዛወረ መሆኑን ኮሚቴው በታላቅ የኃላፊነት ስሜት ያስታውቃል።»

ይህ ታሪካዊ ውሳኔ በአራት ሚስማር ሱቁ በር ላይ በተቸነከረ በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ የኦይቫ መኪና ከድልድዩ በታች በረዶ ውስጥ በጎኗ ተኝታ ተገኘች። ኦይቫም መሪያቸው ላይ እንደተደፉ ሞተዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር።

መርማሪ ቱሊ ካርፒኔን በማግስቱ ከከተማ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው የግራውን የፊት ጎማ ነው። ወደ ውስጥ ታጥፏል። ተንበርክካ በባትሪ አበራችበት። ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ቦል ጆይንት ከቦታው ወጥቷል፤ ግን አልተሰበረም። የሚያስረው ዳዶ የለም። ዳዶው እንዳይፈታ የምትሰካው ኮፒሊያ፣ ያቺ የፀጉር መርፌ የምታክል ሽቦ፣ እሷም የለችም። ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ የታጠፈ ፎጣ አገኘች። ደረቅ ነው።

የሟቹ ልጅ ማርኬታ መንገዱ ዳር ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ሰው ፈቶት ነው?»

«ይመስላል።»

«እንግዲያው አጎቴ ታውኖ ነው። በዚህ መንደር መካኒክ እሱ ብቻ ነው። በአያቴ ጀልባ ተጣልተው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ጀልባዋ በስብሳ አልቃለች፤ ኩርፊያው ግን ይኸው ደህና ነው።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አሁን ከእሱ በቀር የቀረኝ ዘመድ የለም። ገድሎትም ከሆነ ንገሪኝ። ቀብሩ ላይ ከማን ጋር እንደምቆም ማወቅ አለብኝ።»

ቱሊ ወደ ሱቁ ሄደች። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበች። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሬይኖ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ጉንጨ ቀይ ሰው፣ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ፊርማው የእኔ ነው» አለ፣ ሳይጠየቅ።

«ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ስብሰባ ላይ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ቃለ ጉባኤ እያጸደቅኩ።»

«ከኦይቫ ጋር በድንበር ላይ ባለ ጥድ ዛፍ ተካስሳችኋል አሉ።»

«እመቤቴ፣ እዚህ ያልተካሰሰ ሰው ጎረቤት የለውም ማለት ነው።»

«የሳውናው ቀን መለወጡን ነግረሃቸው ነበር?»

«ተለጥፏል እኮ!»

«በአፍህ ነገርካቸው ወይ?»

«የተለጠፈ ነገር በአፍ ይነገራል እንዴ? ማንበብ አትችልም ብሎ መስደብ ነው።»

«ታውኖስ ያውቁ ነበር?»

«እሳቸው ሱቅ ከረገጡ ስንት ዘመናቸው! ወንድማቸውን ላለማየት ዳቦ እንኳ በፖስታ ያስመጣሉ።» ሬይኖ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መኪናዋ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ቋ፣ ቋ ትል ነበር። በየቀኑ፣ በታውኖ መስኮት ስር። ኦይቫን ‹አሳዩዋት› ስንላቸው ‹ለማን?› ይሉናል።»

ቱሊ ከዚያ ወደ ኦይቫ ግቢ ሄደች። መኪናዋ ትቆምበት ከነበረው ቦታ አጠገብ፣ በረዶው ላይ የሳንቃ ቅርጽ ታትሟል። መኪና ማንሻው ክሪክ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የተነጠፈ ነው። ዙሪያውን የዝገት ዱቄት ተበትኗል። ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም በታውኖ ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። ታውኖ ቱታቸውን እንደለበሱ የሥራ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆመዋል። ቱሊ ከመኪናዋ የወጣውን ቦል ጆይንት ፊታቸው አኖረች።

«ማርኬታ፣ እይው። ግሪሱ ንጹሕ ነው፤ ላስቲኩ ገና ያብረቀርቃል። አዲስ ነው። ሊገድል የመጣ ሰው አሮጌውን ፈትቶ ይሄዳል እንጂ አዲስ ገዝቶ አይገጥምም። ዝገቱንም በሽቦ ብሩሽ አይጠርግም።»

«ታዲያ ዳዶው የት ሄደ?» አለ ሬይኖ።

ቱሊ ከቁርጥራጭ ብረት ሣጥኑ አሮጌውን ቦል ጆይንት አወጣች። ኳሱን በጣቷ ነካ ስታደርገው እንደተነቃነቀ ጥርስ ተወዛወዘ።

«ቋ፣ ቋ ሲል የከረመው ይህ ነው። መካኒክ ከመስኮት ሆኖ ይሰማዋል። ኦይቫ አያመጡም፤ ወንድማቸውም አምጡ አይሉም። ስለዚህ ታውኖ፣ ኦይቫ መኪናዋን ግቢያቸው ትተው በእግራቸው ሳውና ሄደው የሚቆዩበትን አንድ ሰዓት ተኩል መረጡ፤ ሠላሳ ዓመት ያልተዛነፈውን ሐሙስን።»

ሬይኖ ኮፍያውን አወለቀ።

ቱሊ ወደ ታውኖ ዞረች። «አዲሱን ገጠሙ፤ ዳዶውን በእጅዎ አስገቡ። ማጥበቂያው ረጅሙ መፍቻ ግን እዚህ ጋራዡ ቀርቶ ነበር። ጠንቃቃ ነዎትና መኪናዋን በክሪክ ላይ ትተው አልሄዱም፤ ጎማውን አስረው አወረዷትና መፍቻውን ሊያመጡ መጡ። ኦይቫ ግን ምድጃው ቀዝቅዞ አገኙት፤ ፎጣቸውን ሳያረጥቡ ተመለሱ። ሐሙስን ማን እንደወሰደባቸው ሬይኖን ሊጠይቁ ተነሡ። መንገዱ እያንገጫገጨ በስድስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ዳዶውን ፈታው። የደረት ኪስዎን ያሳዩናል?»

ታውኖ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጧት ኮፒሊያ አዲስ ናት፤ ሁለት ቀን በጣት ስትታሽ ግን ተጣማ ቅርጿ ጠፍቷል።

«ልትሠራለት ነበር» አለች ማርኬታ። እጇ የአጎቷን እጅጌ ያዘ። «እኔ እኮ ገደለው ብዬ…»

ቱሊ እዚህ ላይ ብታቆም ደስ ባላት ነበር።

«አንድ ነገር ይቀራል። መፍቻውን ይዘው ተመልሰዋል። የኦይቫ አጥር ጋ የሰው ኮቴ አለ፤ ብዙ ስለቆመ በረዶው ከሥሩ ቀልጧል። በጎኑ በረዶው ላይ ተተክሎ የቆየ መፍቻ ቅርጽ አለ። ኦይቫ ከመሄዳቸው በፊት ከመኪናቸው መስተዋት ላይ በረዶውን በሙሉ ፍቀዋል፤ ፍርፋሪው መሬት ላይ እንዳለ ነው። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ከአጥሩ እስከ መኪናዋ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ስማቸውን መጥራት ይበቃ ነበር። ለምን አልጠሯቸውም?»



«አጎቴ?» አለች ማርኬታ።

«እኔና እሱ አንነጋገርም» አሉ ታውኖ።