ከውሻው በታች

የበኩር ልጃቸው ሬሳ ከገደሉ ሥር ከተነሳ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናትየው እህል በአፋቸው አልዞረም። ፖሊስ «አዳልጦት ነው» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል፣ «ልጄ በዚያ ተራራ ሃያ ዓመት ሲመላለስ እግሩ ስቶ አያውቅም» ብለው አንዲት የግል መርማሪ አስጠሩ። ይህች ሴት ሰው ሲቸኩል ስለማትወድ «ቀስ በሉ» የሚል ቅጽል ወጥቶላታል፤ እሷ ግን ከችኩሉ ሁሉ ቀድማ ትደርሳለች።

«እማማ፣ እውነቱ ባይጥምዎትስ?» አለቻቸው ገና ከበሩ።

«ሬት ይሁን። ብቻ ልወቀው።»

መርማሪዋ ቀኑን ተራራው ላይ ዋለች። በማግስቱ ምራትየውን፣ የተራራ መሪውንና የሟቹን ታናሽ ወንድም እናትየው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሦስቱም «እሱ በወደቀበት ቀን ተራራውን አልረገጥኩም» ባዮች ናቸው። እንደ ጥጃ የገዘፈው የሟቹ ውሻ በሩ ላይ ተጋድሟል።

መስኮቱ ስለተዘጋ ቤቱ ይታፈናል።

«ልጄ፣ የሸሚዝህን የአንገት ቁልፍ ፍታው እንጂ፤ በላብ ተጠመቅህ» አሉ እናትየው ታናሹን።

«ደህና ነኝ፣ እማዬ።»

መርማሪዋ ወደ መሪው ዞረች። «በማግስቱ ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ። ውሻው የት ነበር?»

«ጫፉ ላይ፣ ከብረት መሰላሉ በላይ ሆኖ ያላዝናል። ልይዘው ብል እጄን ዘለዘለኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በገመድ አወረድኩት።»

«ሌላ መውጫ የለም?»

«ለወፍ ካልሆነ በቀር።»

«እንግዲህ ቀስ በሉ» አለች። «መሰላሉ አሥራ ሁለት ደረጃ ነው፤ ቀጥ ያለ። ውሻ አይወጣውም። ይህን የሚያህል ውሻ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያወጣም። አንዱ ከላይ በገመድ ይስባል፤ ሌላው ከታች በትከሻው ይገፋል። ሟቹ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ውሻው መሰላሉ ሥር ይቀር ነበር። ማነው የገፋው? መሪውን አያስጠጋውም፤ ነክሶታል። ምራትዎ ክንዷ ተሰብሮ ከወር በላይ በጀሶ ነው።»

እናትየው የቀረውን መስማት አላስፈለጋቸውም። ያንን ውሻ ከቡችላነቱ በእጁ እያጎረሰ ያሳደገው ታናሹ ነው። አንዱን አፈር በላው፤ የቀራቸው ይኸው አንዱ ነው። «ተዪው ልጄ፣ ይበቃል» ቢሉ ሁሉም ነገር እዚያው ይቀር ነበር።

«ውሻ ከታች ሲገፉት በኋላ እግሩ ይቧጭራል» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የገፋው ሰው አንገቱ ላይ ምልክት አያጣም። ልቀጥል፣ እማማ?»

እናትየው ተነሱ። ልጃቸው ፊት ቆመው፣ ተማሪ ሳለ ያደርጉለት እንደነበረው፣ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱ። አልተከላከለም። ከአንገቱ እስከ ትከሻው አራት ቀይ ጭረት ወርዷል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ውሻ ስገፋለት ኖርኩ» አለ ታናሹ። «የዚያን ቀን ተከትዬው ወጣሁ፤ አንዴ እንኳ ጫፉ ላይ አብሬው ልቁም ብዬ። ‹አንተ እዚህ ድረስ ይበቃሃል፣ ውረድ› አለኝ። እጄ ቀደመኝ፣ እማዬ።»

መሪው ፖሊስ ሊጠራ ወጣ። እናትየው ቁልፎቹን መልሰው ይቆልፉለት ጀመር።

«የሚወስዱህ ቦታ ይበርዳል» አሉት።